አህያ ነጂው ፈንታና መንጃ ፈቃዱ

ፈንታ ከራቤል ወደ ዘመሮ የመጣው ጣሊያን ቤቱን ከነከብቱ ስላጋየበት ነው። የተረፉት ሚስቱ ጥሩሸዋና አንዲት አህያ ናቸው። በአህያይቱ ጨውና ገብስ ከገበያ ገበያ እያመላለሰ ይኖር ጀመር። ጥሩሸዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ አህያይቱ ከሄደች እንጀራቸውም አብሮ መሄዱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ገበያ መሀል አዋጅ ተነበበ፦ "ከሌላ አገር መጥቶ የተቀመጠ ነጂ ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያውጣ። ያላወጣ የሚነዳው ይወረሳል።"

ጣሊያኖቹ ያሰቡት የካሚዮን፣ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። በዘመሮ ግን ካሚዮን ያየ ሰው ቢገኝ እሱም በሕልሙ ነው። መኳንንት የሚባለው አስተርጓሚያቸው "ነጂ" ብሎ ጻፈ፤ ነጂ ደግሞ በአገሩ አህያ ከፊቱ፣ ዱላ ከትከሻው ያለ ሰው ነው። አሁን ተሳስቻለሁ ቢል ጅራፉ የእሱ ነው።

"ጌታዬ፣ ይቺ እኮ ጎማ የላትም" አለው ፈንታ መኳንንትን፣ አህያይቱን እያሳየ።

"ማኅተም የተመታበት ቃል አይሳሳትም። የተሳሳተችው አህያህ ናት።"

በሠላሳኛው ቀን ፈንታ ለፈተና ቀረበ። ጣሊያኑ ሹም ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀ፤ መኳንንት ተረጎመ።

"ፍሬኑ የት ነው?"

"ምኑ?"

"ማቆሚያው!"

"ስትፈልግ ትቆማለች፣ ጌታዬ። ዳገት ላይማ ጳጳስ ቢለምናት አትነቃነቅም!"

ሹሙ ጻፈ፦ ፍሬኑ ብልሹ ነው፤ የሚነዳው ይያዝ።

ፈንታ መሬት ላይ ተደፋ። "ሚስቴ ወሯ ገብቷል! እኔን እሰሩኝ፣ አህያዬን ልቀቁልኝ!"

"አንተን ማን ይቀልብሃል? እሷን እንኳ አንተ ትቀልባታለህ" አለ መኳንንት።

ከዚያ ወዲያ ፈንታ በየጧቱ ጭድ ተሸክሞ አህያይቱ በታሰረችበት በጣሊያኖቹ ምሽግ በር ላይ ይቆም ጀመር። በአራተኛው ቀን አህያይቱ ድንጋይ ተጭና፣ አንድ ጣሊያን ወታደር ከኋላዋ እየደበደበ ሲነዳት አየ።

"እሱስ ፈቃድ አለው?" አለው መኳንንትን።

መኳንንት ሳቀ። "ሞኝ! አዋጁ ለነዋሪ ነው። እሱ ምኑ ነዋሪ ነው? ነገ አገሩ ይገባል።"

"እግዜር ከአፍዎ ይስማ!"

የመኳንንት ሳቅ ጠፋ፤ የሰማ ጣሊያን ይኖር እንደሆነ ግራ ቀኙን አየ።

እግዜር ሰምቶ ይሆናል፤ ገብሱን የሚያደርስበት የቀየት ከተማ ገበያ ግን በማግሥቱ ነበር። ፈንታ የገብሱን ስልቻ በጀርባው አዘለ። ጥሩሸዋ "ግማሹን ለእኔ ስጠኝ" ብትለው እምቢ አለ። ዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ከኋላው የተከተለችው ጥሩሸዋ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ስልቻውን ከሥር ደገፈችለት።