ብቻዋን የምታውቀው ቋንቋ

በዚያን ቀን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አምስት ነበርን። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ኮምፒውተራችንን ሊያይና ሠልጣኝ ሊመርጥ ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ በልጄ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ልጄ ከኋላው ቆማለች። ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ በሩ ላይ ዘንጋቸውን ተደግፈው ፋይላቸውን ይጠብቃሉ። እኔ መደርደሪያው ሥር ነበርሁ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢቀረው ነው።

እኔ ሰቆጣ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው መዝገብ ቤት የተቀጠርሁ ሴት ነኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች ከጎንደርና ከሌላ አካባቢ የተመደቡ ስለነበሩ፣ ከገጠር የሚመጣውን ባለጉዳይ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና የማነጋግረው እኔ ብቻ ነበርሁ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔን የነካኝ የለም። እንጀራዬን ያቆየልኝ ያ ቋንቋ ነው።

ልጄ ኮሌጅ የተማረችው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ያኔውኑ ያረጀ ነበር። እኛው ዘንድ ተቀጥራ በዚያው ቋንቋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራችልን። የእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው፤ ቤተሰቡ የሚጠራው አንድ፣ የቀበሌ ጸሐፊ የጻፈለት ሌላ። ባለጉዳዩ የቤት ስሙን ይነግረናል፤ ፋይሉ በሌላው ስም ተቀምጦ እኛ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስናራግፍ እንውላለን። እሷ ሁለቱንም ስም አስገባች። የቤት ስሞቹን በኽምጣና እያጣራሁ የነገርኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አዲሱን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምር ስልጠና መጥቶላት ነበር። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር።

«ሁሉም የሚያውቀውን ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አልኋት። «አንቺ ብቻ የምታውቂውን ያዢ፤ ማንም አይነካሽም።»

ለእኔ የሠራው ለእሷም የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ልብሷን ከሻንጣው መልሼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷም አልፈልግም ብላ ደብዳቤ ጻፈች።

«እህቴ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው» አለ ባለሙያው። «ግን በዚህ ቋንቋ የሚሠራ ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ ካየሁ ቆየሁ። ብቻሽን ማወቅሽ ለጊዜው ያስከብርሻል፤ ኮምፒውተሩ የተቀየረ ዕለት ግን አብረሽው ትወጫለሽ። ሥራ ስትጠይቂ ቋንቋውን አታስቀድሚ፤ ያቃለልሽውን ችግር ንገሪያቸው። ሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ሳትውይ ሳታድሪ ጀምሪ።»

ሽማግሌው መቆም ሰለቻቸው። «ልጄ፣ ያ ሳጥን አወቀኝ ወይስ ገና ዘሬን እየቆጠረ ነው?»

«አሁን ያውቅዎታል አባ፤ ትንሽ ይታገሡ።»

«ሞቷል ካለሽ አደራ፣ ለሚስቴ እንዳትነግሪ።»

ኃላፊው ሳቀ። ልጄ በባለሙያው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ የቤት ስማቸውን ጻፈች፤ የፋይሉ ቁጥር ወዲያው ወጣ። ባለሙያው ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና አልሳቀም።

«በሚመጣው ወር ለምንጀምረው ስልጠና አንድ ቦታ አለኝ» አላት። «የሚገባው ላንቺ ነበር። ግን ስልጠና አልፈልግም ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ማኅደርሽ ውስጥ አለ። ያኔ የከለከለሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ምክንያቱን ጽፌ አስገባሻለሁ። ከሌለ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል።»

ልጄ ወደ እኔ አላየችም።

«የከለከለኝ የለም» አለች። «ራሴ ነኝ ያልፈለግሁት።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ እናቷ ነዎት። የሚያውቁት ነገር አለ?»

የሽማግሌውን ፋይል አውርጄ ይዤ ነበር። አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

«የለም» አልሁ።

ባለሙያው ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ አንድ ስም ሠረዘ። ልጄ ሲሠርዝ ቆማ አየችው።

«እማዬ፣ አባን አታስቁሚያቸው» አለችኝ።

ፋይሉን ለሽማግሌው ሰጥቼ ወጣሁ።