ሳይናገሩ የሚቆረጥ ቅጠል

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ስለ አንድ ቅጠል አወራ። ከቅጠሉ የወጣው ጭማቂ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን በላቦራቶሪ ሲገድል ታይቷል አለ። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። "ላቦራቶሪ" የምትለዋን ቃል ግን ያስተዋላት ሰው ያለ አይመስልም፤ ተሳፋሪው ወዲያው ቅጠሉ የት እንደሚበቅል ይጠያየቅ ጀመር። እኔ በመስኮት የአምባሰልን ተራራ እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ቅጠሉን አውቀዋለሁ። ስሙን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት ነገ አንድ ዘለላ አይተርፍም።

ቅጠሉን ሳውቀው ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ግጥም የምሞነጫጭር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ዝም ማለትማ ጭራሽ ያልፈጠረብኝ ልጅ ነበርኩ። የምኖረው ከሐይቁ በላይ ባለች መንደር ከአክስቴ ከዘይነባ ጋር ነው። ጥቅምት ላይ ሰናይት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ እኛ ቤት አረፈች። የአገሩ ሰው እብጠት ላይ የሚያስረውን ያንን ቅጠል ወስዳ በካንሰር ሕዋሳት ላይ ልትሞክረው ነበር።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ምክንያቱን በመንደሩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሰንብታለች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስም "ሳትውይ ሳታድሪ ደሴ ሆስፒታል ሂጂ" ብላታለች። እሷ ግን "ዝናቡ ያባራ"፣ "ማሽላው ይታጨድ" እያለች ቀን ትገፋ ነበር። የዚያን ዕለት አሳ ወጥ ቀርቦ እየበላን ለሰናይት ራሷ አወጣችው።

"እንግዲህ መድኃኒቱ እግሬ ሥር እያለ ደሴ ምን ያንከራትተኛል? ግማሹን አንቺ ትወስጃለሽ፣ ግማሹን እኔ አፍልቼ እጠጣለሁ።"

ሰናይት መብላቷን አቆመች። "እትዬ ዘይነባ፣ ቅጠሉ እኮ ሰው አላዳነም። ገና በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ነው የምንሞክረው። እዚያ ውስጥማ በረኪናም ካንሰሩን ይገድለዋል።"

"እንኳን በረኪና ጠጪ አላልሽኝ! አንቺስ ለዚሁ ቅጠል አይደለም አገር አቋርጠሽ የመጣሽ?"

ሰናይት ልትመልስ ስትል አክስቴ እጇን አነሳች። "ነገ ማልደን እንሄዳለን። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ቅጠሉ እስኪቆረጥ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ወሬ የገባበት ቅጠል አይሠራም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የሚያሰጋኝ ይሄ ነው።"

የገበያ ቀን መሆኑን የረሳን ይመስለኛል። በእኛ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ከስድብ ይቆጠራል። በርበሬ የጫነ ሰውዬ "አሰላሙ አለይኩም!" ቢለን ሦስታችንም ጭንቅላታችንን ብቻ ነቀነቅን። "ምን ነክቷቸው ነው?" ሲል አህያውን ጠየቀው። ጥንቅሽ የሚያኝኩ ልጆች "አፋቸው ተሰፍቷል!" እያሉ ተከተሉን። ማሽላው በጤዛ ርሷል፤ ከኋላችን ሐይቁ ገና መንጋቱን እንዳልሰማ ጸጥ ብሏል። እኔ በሆዴ ስንኝ በስንኝ ላይ እየደረደርኩ ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ዝም ሲባል ግን ዓይን ሥራ ያገኛል። አክስቴ በነጠላዋ ሥር ግራ ጡቷን ደግፋ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ ነበር የምትራመደው። ወሬዋ ሸፍኖት ይህን አንድም ቀን አላየሁትም።

ቅጠሉ ያለበት ገደል ከሩቅ ሲታየን፣ የአክስቴ የልጅነት ጓደኛ እትዬ ስንዱ ጌሾ ተሸክማ ከአምባሰል ስትወርድ ፊት ለፊት ገጠመችን።

"ዘይነባ! እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ?"

ዝም።

"ምነው፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? ደህና አይደለሽም?"

አክስቴ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ መልስ ነው ያላት፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ "አልሐምዱሊላህ" ነው የምትለው። አሁን ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

"ደህና አይደለሁም" አለች።

ጌሾው መሬት ወረደ። እብጠቱንም፣ ነርሷንም፣ ደሴንም ነገረቻት። "ፈርቼ ነው ስንዱ። ሐኪሙ ስሙን ቢጠራብኝስ ብዬ።"

እትዬ ስንዱ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ በቁጣ ወደመጣንበት ጠቆመች። "ታዲያ ወደዚህ ምን ያወጣሻል? ደሴማ በጀርባሽ ነው!"

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሰናይት ዞረች። "እንግዲህ ተናግሬያለሁ። ቅጠሉ ከእንግዲህ ለኔ አይሆንም።"

"ለኔ ሳህን ይሆናል" አለች ሰናይት። "ሳህን ወሬ አይሰማም።"

"እንዲያ ከሆነ ቁረጪ። አንቺ ቅጠሉን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ ጡቴን ይዤ ደሴ እሄዳለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እናያለን!"

ያን ሁሉ መንገድ ያመቅሁትን ግጥም ላወርድ አፌን ብከፍት አንድ ስንኝ አልተገኘም። "ተወው፣ ዝም ስትል ነው የምታምረው" አለችኝ አክስቴ። ስንመለስ አንድ ገበሬ እሸት ማሽላ ጠብሶ ሰጠን፤ በትኩሱ እያሸን፣ እየተሳሳቅን በላነው።

በማግስቱ ደሴ ሄድን። ጊዜው ቀላል አልነበረም። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያም ለመድኃኒት ለወራት ተመላለሰች። ጸጉሯ ረገፈ። መልሶ ሲበቅል ተጠቀለለ፤ "ሙሽራ መሰልኩ" እያለች ለጎረቤት ሴቶች ገልጣ ታሳይ ነበር። ሰናይት ለኢድ በደወለች ቁጥር አክስቴ መጀመሪያ የምትጠይቃት ስለ ቅጠሉ ነው።

"ገና ሕዋስ ላይ ነን። ቀጥሎ አይጥ ላይ ይሞከራል።"

"ቀደምኩት በያ!"

ያን ዕለት ለእትዬ ስንዱ "ደህና አይደለሁም" ያለቻት አምልጧት ይመስለኝ ነበር። አሁን እንጃ። ቅጠሉ ዝም በይ ከማለቱ በፊት እሷ የራሷ ዝምታ ነበራት፤ ሁለቱን ደርባ ዳገት መውጣት የከበዳት ይመስለኛል።

ከሚኒባሱ ወርጄ ደወልኩላት። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ ፍሬው ሰፌድ ላይ ሲረግፍ ይሰማኛል።

"አክስቴ፣ ቅጠልሽ በሬዲዮ ተነገረለት።"

"ጨረሰ?"

"ገና ነው። ላቦራቶሪ ነው ያለው።"

ፍሬው ሰፌዱ ላይ መርገፉን ቀጠለ።

"ይበርታ በለው። እኔ አልፌዋለሁ፤ ለሌላዋ ይድረስላት።"