እናቴ አፍራ የደበቀችው ሕመም

ሰሞኑን ከገበያ የገዛሁትን ዳማከሴ በጣቶቼ አሽቼ ሳሸተው፣ እናቴ በጋቢ ላይ ጋቢ ተደርቦባት፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ «ኧረ ልቀቁኝ፣ ነደድኩ» እያለች የምትለምንበት ክረምት ድንገት መጣብኝ። ቤታችን ከአማኑኤል ከተማ በላይ ካለችው መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበር። አክስቴ ጠጄ ምች ነው ካለች ምች ነው፤ ቅጠሉን አሽታ ጭማቂውን ግንባሯንና አፍንጫዋን ትቀባትና፣ በሩን ዘግታ፣ «ላብ ካላወጣሽው አይለቅሽም» ትላት ነበር። ምስኪን እናቴ፣ በሽታዋ ራሱ ላብ ነበር። እኛ ይህን ያወቅነው ግን ብዙ ቆይተን ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደሙ ተጨመረ። የወር አበባዋ ለወራት ጠፍቶ ቆይቶ ተመልሶ መጣና አልቆም አለ። በአገራችን ሥርዓት ሴት በዚያ ጊዜ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ እናቴ ደግሞ ከአባቴ ጋር በቁርባን የተጋባች፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት ነበረች። አባቴ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ውስጥ ሲያዜሙ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ቆማ ድምፃቸውን ብቻ ሰምታ፣ ሴቶቹ ወጥተው ሳይጠይቋት ቀድማ ወደ ቤት ትመለስ ነበር። እህል ስታበጥር ዓይኗ እየጨለመባት ሰፌዱን አስቀምጣ ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ቀን ብቻዋን መስሏት፣ «እመቤቴ፣ ምን ብበድል ነው ከደጅ ያስቀረሽኝ?» ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ ትሞትብኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ጋብ ሲል፣ አክስቴ አማኑኤል ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ የታላቅ ወንድሜ እኩያ ይሆናል። «ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ እማማ?» ሲላት፣ እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ራሴን» አለች። ወደ አክስቴ ሲዞር፣ ያቺ በመንደሩ ሙግት የማትረታ ሴት፣ «አዎ፣ ራሷን ነው» ብላ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። የሴት ነገር ለወንድ፣ ያውም ለልጅ እግር ወንድ፣ በእኛ ዘንድ አይነገርማ። የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ስንመለስ አክስቴ፣ «ለምን አልተናገርሽም?» ብላ ጀመረች። እናቴም፣ «አንቺስ?» አለቻት።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እናቴ እዚያው ወይራ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀችና በሰው ትከሻ መጣች። አባቴ ከጉባኤያቸው የማይለዩ ሰው፣ በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እሷንና እኔን ይዘው በአውቶቡስ ማርቆስ ከተማ ገቡ። ሆስፒታል ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሙ አሁንም ወንድ ነበር። እናቴ፣ «ራሴን...» ብላ ስትጀምር አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ቃል ሸፍኖ መናገር ሥራቸው የሆነው ሰው፣ ያን ቀን ምንም አልሸፈኑም።

«ዶክተር፣ ራሷን አይደለም። ደም እየፈሰሳት ነው፤ ከመስከረም ወዲህ አልቆመም። ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን ያነደዋል፣ ሌሊት ልብሷ በላብ ይርሳል፣ እንቅልፍም የላት። እሷ አፍራ ነው፣ እኔ ልንገርዎ» አሉ።

እናቴ በነጠላዋ ተሸፍና፣ «ምነው እርስዎ፣ በልጅ ፊት?» አለች።

«ልጅሽም ሴት ናት፤ ትስማ።»

ሐኪሙ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ጠርቶ ከመጋረጃው ጀርባ መረመሯት፤ ለምርመራ ደም ሰጠች፣ ሌላ ምርመራም ተደረገላት፣ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። ነርሷ እጇን ይዛ፣ «ዕድሜ ነው፣ እማማ። ማረጥ ይባላል። ሙቀቱም ከእሱ ነው። ደሙ ግን እንዲህ ሲበዛ ዝም አይባልም፣ ሕክምና አለው» አለቻት። ደሙን የሚያቆምና የጎደለውን የሚተካ መድኃኒት ታዘዘላት። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቅጣት አይደለም?» ነርሷ ሳቀችና፣ «ቅጣትማ ቢሆን ሴቱ ሁሉ ተቀጥቶ ያልቅ ነበር፤ እኔም አልፌበታለሁ» አለቻት። እናቴ አለቀሰች። ያቺን ነርስ ስሟን እንኳ ሳላውቅ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

በዐቢይ ጾም ደሙ ቆመ። ሙቀቱ ወዲያው ባይተዋትም፣ ሲነሣባት ደጅ ወጥታ ነፋስ ትቀበላለች፤ አክስቴም ጋቢ መደረቡን ትታ በሰፌድ ታራግብላት ጀመር። በሆሳዕና እሑድ እናቴ ወይራውን አልፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሴቶች በር ገባች። አባቴ ዜማ እየመሩ ነበርና ሲያዩዋት ቃሉ ጠፋባቸው፤ የሰውን ስሕተት ሲያርሙ የኖሩት መሪጌታ ተማሪያቸው አስታውሷቸው ቀጠሉ። እናቴ ቤት ስትደርስ፣ «ዛሬስ ተሳሳቱ» ብላ አሾፈችባቸው። እሳቸውም ሳቁ።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ እናቴ ግን ዛሬም ቅዳሴ አያመልጣትም። እኔ አሁን በእሷ የዚያን ጊዜ ዕድሜ ላይ ነኝ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ፊቴ ሲግል በእጄ ሳራግብ፣ ልጄ ከትሪው ቀና ብላ፣ ወንድሟና አባቷ በተቀመጡበት፣ «እማዬ፣ ማረጥ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። «መሰለኝ» አልኳት። ባለቤቴም፣ «ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂዳ» አለ። ልጄ ውኃ ቀዳችልኝ፣ ወንድሟም ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ ማንም አንገቱን አልደፋም። አባቴን በልቤ አመስግኜ ምሳዬን ቀጠልኩ።