የምርቃቴ ኮርኒስ

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ጣሪያው ላይ እርጥበት ስላወጣ ቀለም ቀቢ አስጠራሁ። ቀና ብሎ አየና፣ “የሚያፈሰው ከላይ ቤት ነው። ግን አንዴ ቀለም ካስነካሁት ማንም አያየውም” አለኝ። የራሰው ጣሪያ ሽታ ካዛንቺስ ወደነበረው የቀበሌ ቤታችን መለሰኝ።

ከዩኒቨርሲቲ የምመረቅበት ዓመት ነበር። አባዬ ከደሞዙ ቆጥቦ ቤቱን ሊያድስ አስቧል። “መጀመሪያ የዛገውን ቆርቆሮ እንቀይር፤ ኮርኒሱ ይደርሳል” አለ። እኔ ግን ጓደኞቼ ያንን አቧራ የጠጣ የአቡጀዲ ኮርኒስ እንዳያዩብኝ ፈርቼ፣ “አባዬ፣ ቆርቆሮውን ማን ያየዋል?” አልኩት። በማግስቱ ቺፕውድ አሸክሞ መጣ።

የምርቃቴ ቀን፣ እንግዶቹ ምሳ ላይ እንዳሉ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። አዲሱ ኮርኒስ መሃሉ ላይ ጠቆረና ማንጠባጠብ ጀመረ። አባዬ ወንበሩን ጎትቶ ልክ ከሥሩ ተቀመጠ። እናቴ ተነስ ብትለው “እዚህ ይመቸኛል” አለና ጨዋታውን ቀጠለ። ለበዓል ብቻ የሚለብሰው ኮቱ ውሃውን ሁሉ ጠጣው። ጓደኞቼ ምንም ሳያዩ ሲስቁ ዋሉ።

ያን ዕለት የተነሳነው ፎቶ ዛሬም አለኝ። እኔ በጋዋን እስቃለሁ፤ ከጎኔ የቆመው አባዬ የኮቱ አንድ ትከሻ ርሶ ጠቁሯል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። እኔም ሳላነሳው ሞተ።

ቀቢው ብሩሹን ይዞ ቆሟል። “እህቴ፣ ልቀባው?” ይለኛል።