ለሁለት ሰው የተሠራ ድልድይ

ሙአዊያ ሐይቅ ከተማ፣ የወልድያ መንገድ ዳር ሞባይል ይጠግናል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ ገና ሳይቀመጥ፣ በስልኩ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ያያል። ገጹ ላይ እሱ የሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ አለ፤ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፣ ከሥሩም አስተያየት ይጽፋል። ሙአዊያ ከአስተያየቶቹ መካከል የታላቅ ወንድሙን የሐቢብን ቃል ነው የሚፈልገው። ሐቢብ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ስልኩ መሥራት ካቆመ ስምንት።

ጨዋታውን ሙአዊያ ከራሱ አላመነጨውም። ልጅ ሳሉ ሁለቱ በጌም ቤት የተጫወቱትን የድሮ የጃፓን ጨዋታ ነው ከትዝታው መልሶ የሠራው፤ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ሁለት ሰዎች ወንዝ ላይ ድልድይ ይዘረጋሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሻገርም። ሐቢብ ግን መጀመሪያ የታናሹን ተጫዋች ውሃ ውስጥ ገፍትሮ ካልሳቀ ሥራ አይጀምርም ነበር። ሙአዊያ መገፍተሩንም አልተወውም። ሐቢብ የትም ሆኖ ቢያየው እንዲያውቀው ብሎ ነው።

ሰኞ ዕለት የድሮው ጨዋታ ባለመብት ከሆነው የጃፓን ኩባንያ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰው። ጨዋታውን እስከ ዓርብ ከገጹ አንሳ ይላል። ሙአዊያ ደብዳቤውን አትሞ ደሴ ጠበቃ ወደሆነችው የአክስቱ ልጅ ወደ ሂንድ ሄደ።

«ጨዋታውን መሸጥ ካቆሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል» አላት። «አምባሰል ያለው የሐቢብ ማሳ ሦስት ዓመት ጦም ቢያድር ቀበሌው ለሌላ ሰጥቶት የለም እንዴ?»

ሂንድ ሳቀች። «አንተ ደግሞ! ጃፓኖቹን የአምባሰል ገበሬ አደረግሃቸው? የቅጂ መብት እንደ መሬት አይደለም። ባያርሱትም የእነሱ ነው።»

«ወላሂ ሳንቲም አልተቀበልኩበትም።»

«በነጻ መስጠትህ ፈቃድ አይሆንህም፣ ሙአዊ። ድልድይ የሚሠራበት ጨዋታ መሥራት ማንም አይከለክልህም። ስሙን፣ ሰዎቹን፣ ሥዕሉን፣ ዜማውን ለውጥና የራስህን ሥራ።»

«ከለወጥኩትማ ሐቢብ በምን ያውቀዋል?»

ሂንድ መሳቋን ተወች። ደብዳቤውን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ፈቃድ እንጠይቃቸው» አለች በመጨረሻ። «ይስጡ አይስጡ አላውቅም። እስኪመልሱ ግን ማንሳት አለብህ።»

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሙአዊያ ጨዋታውን ከገጹ አነሳው። እስከዚያ ሰዓት ከሐቢብ የመጣ ቃል አልነበረም። የፈቃድ መጠየቂያውን ሂንድ ቅዳሜ በኢሜይል ትልካለች።