ጋሽ ኮቺቶ አልነካም ያሉት እግር

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የሆነው። ዛሬም በባጃጅ በቦንጋ ሆስፒታል በር ሳልፍ ብቻዬን እስቃለሁ። ሾፌሮቹ "ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?" ሳይሉ አይቀሩም።

አባዬ ጫካ ገብቶ ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ይሰቅላል። "አርጅተሃል፣ ተው" ብለው ብለው አልሰማ አለኝ። እኔ ቦንጋ ገበያ ኮረሪማና ማር እሸጣለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ከሚኖርበት ከሺሺንዳ ጎረቤቱ ደወለና "አባትሽ ከዛፍ ወድቋል፤ ወጌሻ ቤት ወስደነዋል" አለኝ።

ወጌሻ ሲለኝ ደሜ ፈላ። በቀርከሃ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ እግሩ የጠቆረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ዕቃዬን ለጎረቤት ነጋዴ ጥዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር፤ መቼም ለስድብ አላንስም።

ስደርስ ወጌሻው ጋሽ ኮቺቶ ከአባዬ ጋር ይጨቃጨቃሉ። እግሩን ጭራሽ አልነኩትም፤ በንጹህ ነጠላ ሸፍነውታል።

"ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ወጥቷል። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሆስፒታል ነው" ይላሉ።

"ሆስፒታል ከገባሁ እግሬን ይቆርጡታል! አንተው እሰረው!" ይላል አባዬ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ከንቱ ቀረ። አባዬን ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ጋሽ ኮቺቶ ጋቢያቸውን አነሱና "በል፣ አብሬህ እሄዳለሁ። ሊቆርጡ ከመጡ እኔ አለሁ" አሉት። ይሄኔ እሺ አለ።

መኪና ውስጥ የቦንጋ ሆስፒታሏን የአጥንት ዶክተር ያውቋት እንደሆነ ጋሽ ኮቺቶን ጠየቅኳቸው።

"አንዴ ሰው ፊት ጮኻብኛለች" አሉኝ። "አጥብቄ ያሰርኩት ሰውዬ እጁ አብጦ ወስደውላት ነበር። ልክ ነበረች። በኋላ ራሴ ሄጄ እንዴት ልሰር ብዬ ጠየቅኳት።"

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው "ደግሞ ወጌሻ እዚህ ምን ይሠራል?" አለ። አባዬም እሱ ካልገባ አልገባም አለ። በዚህ መሀል ዶክተር ሰላም ወጣች። ልጅ እግር ናት።

"ጋሼ! ዛሬ ደግሞ ምን ይዘውልኝ መጡ?" አለች፤ ነጠላውን ገልጣ ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

አባዬ አማርኛ ይችላል፤ በሕመሙ ግን ጠፋበት። እሷ የምትለውን ጋሽ ኮቺቶ በቋንቋችን በካፊኖኖ ይነግሩታል። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ይቆረጣል?"

"አልዋሽም፣ ያሰጋል። ግን ቶሎ መጥቷል፣ አልተነካካም። የምችለውን አደርጋለሁ" አለች።

ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ አባዬ የጋሽ ኮቺቶን እጅ አልለቅም አለ። "ጋሼ፣ እዚህ በር ላይ ይቀመጡልኝ። ሳልጨርስ አይሂዱ" አለቻቸው ዶክተሯ። ተቀመጡ። የገዛሁላቸውን ዳቦ እንኳ ሳይቀምሱ በጋቢያቸው ጫፍ ይዘውት ዋሉ።

ስትወጣ ላብ አጥምቋታል። የነገረችው ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው። "ጋሼ፣ እግሩ ተርፏል።"

እልል አልኩ። ነርሷ ተቆጣችኝ፤ ትቆጣ!

ከወራት በኋላ አጥንቱ ገጥሞም ቁርጭምጭሚቱ አልታዘዝ አለ። ዶክተሯ በራጅ አይታ "ስብራቱን ሳይነኩ ጋሽ ኮቺቶ ቀስ ብለው ይሹት" አለችን። አባዬን ይዤ ጋሽ ኮቺቶ ቤት ሄድኩ። እዚያ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ዶክተር ሰላምን! ጭቃ አዳልጧት እግሯ ወለም ብሎ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች።

"ራጅ ተነስተሻል?" ይሏታል ጋሽ ኮቺቶ።

"ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ እኔ ነኝ!"

"ብትሆኚስ? ራጅ ሳላይ አልነካም።"

እየሳቀች ስልኳ ላይ ያለውን ራጅ አሳየቻቸው። ስልኩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት። ደግነቱ ስብራት የለውም። ማሸት ሲጀምሩ "ኧረ ቀስ!" ብላ ጮኸች።

አባዬ በርጩማ ጎትቶ በሩ ላይ ቁጭ አለ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሊቆርጥ ከመጣ እኔ አለሁ" አላት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ። እስከዚያ በር ድረስ አባዬ በገዛ እግሩ ነበር የሄደው።