ለወልደአማኑኤል የተፈጠረለት ምስጢር

የወርቅውሃ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትመታ ትውላለች፤ ልቧ ግን ልብ ወለድ ላይ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሯ በፊት ሰዎቹን አብጠርጥሬ ልወቃቸው ብላ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ አንድ ደብተር ያዘች። አረማመዱ እንዴት ነው? ሲቆጣ ምን ይላል? ምን ይፈራል? ምን ደብቋል? ይህን ሳልጨርስ አንድ ምዕራፍ አልጽፍም እንዳለች ሦስት ዓመት አለፈ።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አንካሳውን ንብ አርቢ ነበር። የቀዳችው ከወልደአማኑኤል ነው። ወልደአማኑኤል ከማንኪራ መንደር ማር ተሸክሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ሲጠይቁት መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀስ ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። አንዱንም ሳታስቀር ጻፈችው። ምስጢሩን ግን ከራሷ አመጣች፤ "ዛፍ ላይ ከሰቀላቸው ቀፎዎች በአንዱ ጠመንጃ ደብቋል" አለች።

በ1970 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ደብተሮቹ ተገኙ። የቀበሌዋ ሊቀመንበር ሣህሌ ገልጦ ካነበበ በኋላ ቀና አለ።

"እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?"

"የሉም ጓድ። ለልብ ወለድ የፈጠርኳቸው ናቸው።"

"ይሄ አንካሳም የለም?"

ዝም አለች። ዝምታዋ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ለሣህሌ ግን በቃው።

"እኔም ማር ገዝቼዋለሁ እኮ! እግሩ እውነት ከሆነ ጠመንጃው በምን ውሸት ይሆናል?"

"እግሩን አይቼ ነው፤ ጠመንጃውን ግን..."

"እሱን ራሱ ይናገራል።"

አሥራ አንድ ቀን አሰሯት። በዚያ መሀል የወልደአማኑኤል ቀፎዎች አንድ በአንድ እየወረዱ በመጥረቢያ ተፈለጡ። ጠመንጃ አልተገኘም። "አሽሽቶታል" ተባለና እሱ ታሰረ። እሷን ግን "ፀረ አብዮተኛ ያጋለጠች" ብለው በስብሰባ አመስግነው ለቀቋት። ጎረቤቶቿ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትመጣ ጨዋታቸውን ያቋርጡ ጀመር።

ኅዳር ላይ ወልደአማኑኤል እስር ቤት ሞተ። ይህን ስትሰማ የወርቅውሃ ማንኪራ ድረስ በእግሯ ሄደች። ሚስቱ አልጣሽ ደጃፏ ላይ ቡና እያሰጣች ነበር።

"እትዬ አልጣሽ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። የጠመንጃውን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አልጣሽ ከቡናው ቀና አለች።

"አንቺ የት አየሽው?"

"አላየሁም። የለም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት።"

"ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖርኩ" አለች አልጣሽ። "ለእኔ ያልነገረውን ለአንቺ ነገረሽ?"

"አልነገሩኝም! ጠመንጃ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፣ በማርያም!"

"ታዲያ ያለ ምንም ነው የገደሉት? ያለ ምንምማ ሰው አይገድሉም። ደብቆኝ ነው። እኔኑ ደብቆኝ ነው።"

የወርቅውሃ አልጣሽ እግር ላይ ወደቀች፤ ማለች፤ ተገዘተች። አልጣሽ ፊቷን አዙራ ቡናውን ማገላበጥ ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ የወርቅውሃ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቀር ሌላ ነገር ጽፋ አታውቅም። በዓመቱ ዝውውር ጠይቃ ዋጫ የምትባል ከተማ ገባች። ስሟ ግን ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ ቤት የሚያከራያት ሰው እስክታገኝ አንድ ወር ፈጀባት።